ፐርማንጋኔትና ኦክሳሌት፦ እኩልታው የሚበላሸው የት ላይ ነው?

የሪዶክስ (ኤሌክትሮን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፍበት የኬሚካል ለውጥ) እኩልታን ቁጥር እየቀያየሩ በግምት ማመጣጠን ጊዜ ማባከን ነው። ፐርማንጋኔት (MnO₄⁻) በአሲድ ውስጥ ከኦክሳሌት (C₂O₄²⁻) ጋር ሲገናኝ ሁለት ግማሽ እኩልታ ጻፉ፤ አንዱ ኤሌክትሮን ለሚቀበለው፣ ሌላው ለሚለቀው። የማንጋኒዝ ኦክሲዴሽን ቁጥር ከ+7 ወደ +2 ስለሚወርድ 5 ኤሌክትሮን ይቀበላል። አራቱን ኦክስጅን በ4 ውሃ፣ የውሃውን ሃይድሮጅን በ8 ሃይድሮጅን አዮን አመጣጥኑ።

ብዙ ተማሪ የሚስተው ኦክሳሌቱ ላይ ነው። ካርቦን ከ+3 ወደ +4 ስለሚሄድ 1 ኤሌክትሮን ብሎ ያልፋል። አንድ ኦክሳሌት ውስጥ ግን ሁለት ካርቦን አለ፤ የሚለቀቀው 2 ኤሌክትሮን፣ የሚወጣውም 2 ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ስለዚህ የፐርማንጋኔቱን በ2፣ የኦክሳሌቱን በ5 አባዙ፤ 10 ኤሌክትሮን ከ10 ጋር ይሰራረዛል። 2 ፐርማንጋኔት፣ 5 ኦክሳሌትና 16 ሃይድሮጅን አዮን 2 ማንጋኒዝ አዮን፣ 10 ካርቦን ዳይኦክሳይድና 8 ውሃ ይሰጣሉ።

አቶም ቆጥሮ ማቆም አይበቃም፤ የኤሌክትሪክ ሙላቱንም ደምሩ። በግራ −2፣ −10 እና +16 ተደምረው +4፤ በቀኝ ሁለቱ ማንጋኒዝ እያንዳንዳቸው +2፣ እሱም +4።

ላብራቶሪ ውስጥ ከሆነ አሲዱ ሰልፈሪክ ይሁን። በሃይድሮክሎሪክ ከሠራችሁ ፐርማንጋኔቱ ክሎራይዱንም ኦክሲዳይዝ ስለሚያደርግ (ኤሌክትሮን ስለሚወስድበት) የፈጀው የፐርማንጋኔት መጠን ንባብ ይዛባል። አሲዱ ካነሰ ደግሞ ቡናማ ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ይዘቅጣል፤ ያን ጊዜ ማንጋኒዙ የተቀበለው 3 ኤሌክትሮን ብቻ ነውና ከላይ ያለው ስሌት አይሠራም።