«ለዴስክቶፕ ይሆናል» ሲሏችሁ ብር አትቁጠሩ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። የምሠራበት ዴል ኦፕቲፕሌክስ 790 የተገጠመለት ራም (ኮምፒውተሩ የተከፈተውን ሥራ ለጊዜው የሚይዝበት ማኅደረ ትውስታ) 4 ጊጋባይት ብቻ ስለነበር፣ ሥዕልና ሠንጠረዥ የበዛበት የመመረቂያ ጽሑፍ በመጣ ቁጥር ደርቆ ይቀራል፤ ተማሪው ደግሞ ከኋላዬ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ኮምፒውተሩ አራት የራም ማስገቢያ አለው፤ ዲዲአር3 የተባለውን የራም ዓይነት ይቀበላል፤ እስከ 16 ጊጋባይት ይሸከማል። ስለዚህ 8 ጊጋባይት ልጨምርለት ወሰንኩ።

መግጠሙ ማንንም አያቅትም። ኤሌክትሪኩን ነቅሎ ሳጥኑን መክፈት፣ ከዚያም ራሙን ቀጭ እስኪል መጫን ነው። መመሪያዎች ልዩ የእጅ አምባር እሰሩ ይላሉ። እኔ የሱፍ ሹራባችሁን አውልቁ እላለሁ፤ በታኅሣሥና በጥር ደረቅ ብርድ ከሹራባችን ላይ የሚንጣጣው ብልጭታ ለራም አይበጅም። ከዚያ የሳጥኑን ብረት መንካት ይበቃል።

ጣጣው ግዢው ላይ ነው። አዲስ አበባ ወርጄ ለሻጩ የኮምፒውተሩን ስምና ቁጥር ነገርኩት። «ለዴስክቶፕ ይሆናል፣ እህቴ» ብሎ ከሌሎቹ ረከስ ያለውን አወጣልኝ። ቤቴ መጥቼ ስገጥመው ጢጥ ጢጥ ብቻ፤ ስክሪኑ ጨለማ። የድሮውን ስመልስ ይነሣል። ስደውልለት «ኮምፒውተርሽ አርጅቷል» አለኝ። አንድ የሰፈራችን ጠጋኝ ያንኑ ራም ፕሮሰሰሩ (ዋናው አስሊ ቺፕ) የኢንቴል ሳይሆን የተፎካካሪው ኩባንያ የኤኤምዲ በሆነ የደንበኛ ኮምፒውተር ላይ ቢሞክረው ወዲያው ሠራ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለኤኤምዲ ብቻ እየተባለ በርካሽ የሚሸጥ ዲዲአር3 ራም አለ። እያንዳንዱ ቺፕ በአንድ ጊዜ የሚያቀብለው 4 ቢት ነው፤ እንደኔ ያለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለው ዴስክቶፕ ግን የ4 ቢት ቺፕ አያውቅም፤ የተለመደው ባለ 8 ቢት ነው። ሁለቱም ዓይነት 16 ቺፕ ተደርድሮባቸው ስለሚመጡ በዓይን አይለዩም። ማስገቢያውም እኩል ይቀበላቸዋል።

ደረሰኙ ግርጌ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ይህንን ይዤ ጉዳዩ ይመለከተዋል ወደተባለ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ወጣቱ ባለሙያ ራሙን አገላብጦ አየና «ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሠርቷል አሉኝ አይደል? እንግዲያው ጉድለት የለበትም፤ የእርስዎ ኮምፒውተር ነው ያልተቀበለው» አለኝ። ለማይገጥም ጫማ ጉድለቱ የእግሬ ነው እንደማለት! ቁጥሩን ነግሬው የሸጠልኝ ሰውዬ የቃሉ ተጠያቂ የሚሆነው መቼ ነው? መልስ የለም፤ «ማመልከቻ ያስገቡ» ብቻ።

ስለዚህ ሳጥኑን ተሸክማችሁ ሂዱ። ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ ሳጥን ማቀፍ ያሳፍራል የምትሉ፣ እኔ ሁለተኛውን ራም የገዛሁት እንደዚያ ነው፤ ተገጥሞ ዊንዶውስ እስኪነሣ ብር አልቆጠርኩም። የታወቀ አምራች መለያ ላይ «2አርኤክስ8» (2Rx8) የሚለውን ፈልጉ፤ መጨረሻ ላይ ያለው 8 ቺፖቹ ባለ 8 ቢት ናቸው ማለት ነው። ዊንዶውሳችሁ ባለ 32 ቢት ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ ስለማይጠቀም መጀመሪያ ወደ 64 ቢት ቀይሩ። አብረው የሚገጠሙ ራሞች የግድ ከአንድ ፋብሪካ ይሁኑ የሚለውን ምክር እኔ አልተከተልኩትም፤ የድሮዎቹን ሳላወጣ 12 ጊጋባይት ሆኖልኛል፤ ፍጥነታቸው ቢለያይ ሁሉም በቀርፋፋው ይሄዳሉ እንጂ ሌላ ጉዳት አላየሁም።

ያኛው ራም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ኤኤምዲ ያለው ሰው ካለ በገዛሁበት ዋጋ ይውሰደው፤ ይሠራል፣ መንግሥትም መስክሮለታል።