የሻምበል ሼይስ መንገድ

የምጽፈው ታሪካዊ ልብ ወለድ አንድ ምዕራፍ ላይ ቆሞብኛል። ባለታሪኬ ከአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ወደ ማሳቹሴትስ እርሻው የተመለሰ ወታደር ነው። ደመወዙን በወረቀት ሰነድ ከፍለውታል፤ ግብሩንና ዕዳውን ግን በጠንካራ ገንዘብ፣ በወርቅና በብር ሳንቲም፣ አምጣ ይሉታል። ጥማድ በሬዎቹ ለዕዳ ሲነዱ ቆሞ የሚያይበትን ቀን መጻፍ አቃተኝ። ስለዚህ በረዶው ሳይቀልጥ ከቦስተን ተነስቼ ፒተርሻም ወደምትባል የማሳቹሴትስ ከተማ ነዳሁ።

ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1787 ማለዳ የጄኔራል ቤንጃሚን ሊንከን የመንግሥት ጦር ከሃድሊ ከተማ 48 ኪሎ ሜትር ያህል በበረዶ ሌሊቱን ገስግሶ በዕዳና በግብር ምክንያት ያመፁ ገበሬዎችን የመራውን የዳንኤል ሼይስን ሰዎች ሳይጠብቁት የደረሰባቸው እዚህ ነው። ከዐሥር ቀን በፊት የስፕሪንግፊልድን የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ለመያዝ ሲሄዱ መድፍ ተተኩሶባቸው አራት ሰዎች ሞተው ነበር። ያስተኮሰባቸው ጄኔራል ሼፐርድም ለዚያችው ነጻነት የተዋጋ ሰው ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያመኛል። ሼይስ ራሱ በዚያ ጦርነት ከአሜሪካውያን ጋር የተሰለፈው ፈረንሳዊ ጄኔራል ላፋየት የሸለመውን ጎራዴ ቸግሮት ሸጧል።

ፒተርሻም ውስጥ ሁለት የመታሰቢያ ጽሑፎች አሉ። በ1927 የቆመው ለሕግ መታዘዝ እውነተኛ ነጻነት ነው ይላል። በ1987 የተተከለው ደግሞ እውነተኛ ነጻነትና ፍትሕ ሕግን መቃወም ሊጠይቁ እንደሚችሉ ይናገራል፤ የሊንከን ጦር ወጪ በቦስተን ባለጸጋ ነጋዴዎች መሸፈኑንም አይሸሽግም። ጣቴ እስኪደነዝዝ ሁለቱንም ገለበጥኩ። እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ።

ከዚያ በ202 ቁጥር መንገድ ወደ ደቡብ ወረድኩ። የዛሬ ስሙ የዳንኤል ሼይስ አውራ ጎዳና ነው። አመፀኛ ተብሎ የሞት ፍርድ የተፈረደበት፣ በ1788 ምሕረት ያገኘው ሰው! በስተግራዬ በዛፎች መካከል የኳቢን ሐይቅ ነጭ ሆኖ ተዘርግቷል። ሼይስ ያርስበት የነበረው የፔልሃም ምሥራቃዊ ክፍል በኋላ ፕሬስኮት የተባለ ከተማ ሆነ፤ በ1938 ለዚህ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ሲባል ከሌሎች ሦስት ከተሞች ጋር ፈረሰ። ውሃው የሚሄደው ወደ ቦስተን ነው።

መኪናውን ዳር አቁሜ ጠርሙሴን አነሳሁ። ጠዋት ከቤቴ ቧንቧ የቀዳሁት ነው። ለረጅም ጊዜ በእጄ ይዤው ቆየሁ። ከዚያ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ ሁለቱ በሬዎች ከበረታቸው ሲወጡ ጻፍኩ።