ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው የእንጨት ቤት

ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ ያለውን 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ግማሹን ተኝቼ ስላሳለፍሁት ስለ እሱ የምጽፈው የለኝም። የጅማዋን ሌሊት ግን አልረሳትም፤ ካረፍሁበት ክፍል ሥር ያለው ሙዚቃ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ባለመቆሙ፣ በማግስቱ ወደ ጅሬን የወጣሁት ፊቴን እንዳኮሳተርሁ ነበር። ይባስ ብሎ ባጃጁ 400 ብር አስከፈለኝ፤ መበለጤ የገባኝ ስመለስ ሌላው በ150 ሲያወርደኝ ነው።

እኔ ጎንደር ያደግሁ ሰው በመሆኔ ቤተ መንግሥት ሲባል ድንጋይና ኖራ ነው የሚታየኝ። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ያሠሩት ቤት ግን በረንዳው፣ ዓምዱና ደረጃው እንጨት ነው። ለረጅም ጊዜ ተጎሳቁሎ ቆይቶ ከታደሰ በኋላም ወለሉ በረገጡት ቁጥር ያቃስታል፤ የበረንዳው መደገፊያ አንድ ቦታ ላይ ከመዳበስ ብዛት ልሟል፤ እኔም አውራ ጣቴን ደጋግሜ አሳረፍሁበት።

አስጎብኚዬ እርጋታ ያላቸው አዛውንት ነበሩ። አባ ጅፋር የፈረስ ስም እንደሆነ፣ የንጉሡ መጠሪያ ቱሉ እንደነበር፣ ቁመታቸውም ከሁለት ሜትር ያልፍ እንደነበር እንደሚነገር አጫወቱኝ። ለምኒልክ ሳይዋጉ በመገበራቸው የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው እንደቆዩ፣ ጎረቤታቸው ከፋ ግን እ.ኤ.አ. በ1897 በጦር እንደተያዘ ሲያነጻጽሩልኝ፣ በየዋህነት ወይም በፍርሃት የተደረገ ይመስለኝ የነበረው መገበር ስሌት ሆኖ ታየኝ። የንጉሡ የቤት ዕቃ በብዛት የሚታየው ከተማው ውስጥ ባለው ሙዚየም ስለሆነ፣ ክፍሎቹን ባዶ ሆነው የሚያገኝ ሰው ቅር ሊለው ይችላል፤ እኔን ግን ባዶነቱ ጠቀመኝ፤ ዓይኔ ከእንጨቱ ሥራ አልተዘናጋም።

ከላይኛው በረንዳ ሆነን ከተማዋን ቁልቁል ስናይ፣ «አባቴ፣ ይህ ሁሉ በምን ገንዘብ ተሠራ?» አልኋቸው።

«በንግድ ነው፣ ልጄ» አሉኝ፤ ቡናውን፣ ማሩን፣ ዝባዱን፣ የዝሆን ጥርሱን ቆጠሩልኝ። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ እጃቸውን ወደ ታች ዘርግተው፣ «ሂርማታ ገበያ ሰውም ይሸጥ ነበር» ሲሉ ጨመሩ። ስለ ባጃጁ ልነግራቸው የነበረውን እሮሮ ያን ጊዜ ተውሁት፤ ሁለታችንም መደገፊያውን ይዘን ቆየን።