ለባለ 45 ዙር ሸክላዎቼ ሪሲቨር ስመርጥ እስካሁን የደረስኩበት

ባለፈው ማስታወሻዬ የሸክላ ማጫወቻውንና የመርፌውን ጉዳይ ስለቋጨሁ፣ አሁን ከማጫወቻው ቀጥሎ ስለሚመጣው ሪሲቨር አመራረጥ ያገኘሁትን ልምድ አካፍላለሁ። ሪሲቨር የምለው ሬዲዮውን፣ የሸክላውን ደካማ ድምፅ የሚያጎለብተውን የፎኖ ክፍልና ስፒከሩን የሚያንቀሳቅሰውን አምፕሊፋየር በአንድ ሣጥን የያዘውን፣ በተለይም በ1970ዎቹ ከጃፓን ፋብሪካዎች በብዛት የወጣውን ዕቃ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በምኖርበት በሜሪላንድ እነዚህ ዕቃዎች ከአረጋውያን ቤት በሚወጡ የዕቃ ሽያጮችና በአሮጌ ዕቃ መደብሮች አሁንም ይገኛሉ።

ምርጫዬን የወሰኑት ሸክላዎቹ ራሳቸው ናቸው። በእጄ ያሉት አብዛኞቹ ከአጎቴ የተረከብኳቸው፣ አምሃ እሸቴ በ1969 ባቋቋመው አምሃ ሪከርድስና በመሰል አሳታሚዎች የወጡ፣ ባለ 7 ኢንች ባለ 45 ዙር (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ) የአዲስ አበባ ሸክላዎች ናቸው። ብዙዎቹ በሞኖ (ግራና ቀኙ አንድ ድምፅ ሆኖ) የተቀረጹ፣ በየቤቱ በከባድ መርፌ ሲደጋገሙ የኖሩ፣ አንዳንዶቹም ጠርዛቸው የተጣመመ ነው። አዲስ ታትሞ በፕላስቲክ እንደታሸገ ለሚገዛ ሰው የሚስማማው ሪሲቨር ለእነዚህም የግድ ይስማማል ማለት አይደለም።

አብዛኛው ሰው ፍለጋውን የሚጀምረው ከዋት ነው፤ እኔ ግን ዋትን ወደ መጨረሻው ረድፍ አውርጄዋለሁ። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ1974 ያወጣው ደንብ፣ አምራቾች የሚያስታውቁት ኃይል ሁለቱም ቻናሎች (የግራና የቀኝ የድምፅ መስመሮች) አብረው እየሠሩ ያለማቋረጥ የሚሰጡት እንዲሆን፣ የስፒከሩ ኦም (ኤሌክትሪክን የመቋቋም መጠኑ)፣ የድግግሞሽ ክልሉና የድምፅ መዛባቱ መጠንም አብረው እንዲገለጹ አስገድዷል። ከዚያ በፊት ለቅጽበት ብቻ የሚገኘውን ኃይል «የሙዚቃ ኃይል» እያሉ መጻፍ የተለመደ ስለነበር፣ ከደንቡ በፊት በወጣ ማስታወቂያ ላይ ያለውን ዋት ከኋለኛው ጋር በቀጥታ ማወዳደር አይቻልም። ከደንቡ በኋላ ግን እውነተኛ የዋት ፉክክር ተነሣ፤ የፓዮኒር ኤስኤክስ-1250 በ1976 በየቻናሉ 160 ዋት፣ ኤስኤክስ-1980 ደግሞ በ1978 270 ዋት ይዘው ገበያ ገቡ። የኋለኛው ክብደቱ ከ35 ኪሎ ግራም በላይ ነው። ይሁን እንጂ ኃይል እጥፍ ሲሆን የሚገኘው የድምፅ ጭማሪ 3 ዲሲቤል ብቻ ሲሆን፣ ጆሮ «እጥፍ ሆነ» ብሎ እንዲቀበል ደግሞ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ኃይል ያስፈልጋል። ስለዚህ በ30 ዋትና በ60 ዋት መካከል ያለው ልዩነት ዋጋቸው እንደሚያስመስለው ሰፊ አይደለም። መካከለኛ ስፋት ባለው ሳሎን ውስጥ፣ በ1 ዋት በአንድ ሜትር ርቀት 88 ዲሲቤል ገደማ ለሚያወጣ ስፒከር፣ ከ20 እስከ 40 ዋት ለእኔ ከበቂ በላይ ሆኖልኛል።

ዋናው ነገር የፎኖ ክፍሉ ነው። ካርትሪጅ መርፌዋን የሚይዘውና እንቅስቃሴዋን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል ነው፤ ሙቪንግ ማግኔት የሚባለው የተለመደ ዓይነት የሚያወጣው ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት የሚሆን እጅግ ደካማ ኤሌክትሪክ ሲሆን፣ ከሲዲ ማጫወቻ የሚወጣው ግን ወደ 2 ቮልት ይደርሳል። የፎኖ ክፍሉ ይህን ጥቃቅን ምልክት ከማጉላቱም በላይ፣ በ1954 የአሜሪካ የቀረጻ ኢንዱስትሪ ማኅበር መለኪያ አድርጎ ያጸደቀውን ማስተካከያ ይሠራል። ሸክላ ሲቀረጽ ቦዩ (መርፌዋ የምትሄድበት መስመር) እጅግ እንዳይሰፋ ባሱ ይቀነሳል፣ ትሬብሉ ደግሞ ይጨመራል። ሲጫወት ይህ ሁሉ ተገልብጦ መመለስ አለበት፤ ትሬብሉ ሲቀነስም የሸክላው ሹክሹክታ አብሮ ይቀንሳል። በ20 ኸርዝና በ20 ሺህ ኸርዝ መካከል የሚደረገው ማስተካከያ ወደ 40 ዲሲቤል ስለሚጠጋ፣ በዚህ ክፍል ውስጥ ያለ የአንዲት ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ ክፍል) መለዋወጥ የዘፋኙን ድምፅ ሊያቀጥን ወይም ሊያደበዝዝ ይችላል። የ1970ዎቹ ሪሲቨሮች ብልጫ እዚህ ላይ ነው፤ በዚያ ዘመን የቤት ሙዚቃ ዋና ምንጭ ሸክላ ስለነበር አምራቾቹ ለዚህ ክፍል ተጨንቀውለታል፤ ሲዲ ከነገሠ በኋላ የወጡት ብዙዎቹ ሪሲቨሮች ግን ጨርሶ አስቀርተውታል።

ካርትሪጁና ሪሲቨሩ መስማማታቸውንም ማየት ያስፈልጋል። የፎኖ መግቢያው 47 ሺህ ኦም መሆኑ የተለመደ ነው፤ የሚዘነጋው ግን የካፓሲታንሱ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የማጠራቀም ባሕርዩ ጉዳይ ነው። የማጫወቻው ገመድና የሪሲቨሩ መግቢያ ካፓሲታንስ ተደምረው ከካርትሪጁ አምራች ምክር ከበለጡ፣ የላይኛው ድምፅ አንድ ቦታ ላይ ጎልቶ ከዚያ በላይ በድንገት ይወርዳል፤ በድምፃውያኑ «ሰ» እና «ሸ» ላይ በግልጽ ይሰማል። ሙቪንግ ኮይል የሚባለው ሌላ ዓይነት ካርትሪጅ ያላችሁ ደግሞ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ከ0.5 ሚሊቮልት በታች ስለሆነ፣ በመሃል ማጉያ ትራንስፎርመር ካልገባ በስተቀር ከተለመደው የፎኖ መግቢያ ጋር አይሄድም።

ከፎኖ ክፍሉ ቀጥሎ ያለ ድርድር የምፈልገው የሞኖ ቁልፍ ነው፤ እንደኔ የቆዩ ሸክላዎችን ለሚሰማ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ጥቅም ያለው ቁልፍ የለም ብዬ አምናለሁ። በሸክላ ቦይ ውስጥ ለሁለቱም ቻናሎች የጋራ የሆነው ድምፅ የሚቀመጠው መርፌዋ ወደ ጎን በምታደርገው እንቅስቃሴ ሲሆን፣ የቻናሎቹ ልዩነት የሚቀመጠው ወደ ላይና ወደ ታች በምታደርገው እንቅስቃሴ ነው። በሞኖ የተቀረጸ ሸክላ ላይ ሙዚቃው በሙሉ ያለው በጎን እንቅስቃሴው ውስጥ ነው። ወደ ላይና ወደ ታች የሚያናውጣት አቧራው፣ የቦዩ ወለል ጭረትና የማጫወቻው ንዝረት ብቻ ነው። የሞኖ ቁልፉ ሁለቱን ቻናሎች ሲደምራቸው ይህ ቀጥ ያለ እንቅስቃሴ እርስ በርሱ ይጣፋል። ቁልፉን በተጫንኩ ቁጥር መንጣጣቱ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ፣ ሳክስፎኑና ድምፃዊው ደግሞ ከሁለቱ ስፒከሮች መሃል ጸንተው ሲቆሙ መስማት፣ ስንት ዘመን ያለፈባቸው እነዚህ ቅጂዎች ምን ያህል ሀብት እንደያዙ እንደገና ያሳየኛል።

ማጣሪያዎቹም ዋጋ አላቸው። የዝቅተኛ ድግግሞሽ ማጣሪያው ጠርዙ የተጣመመ ሸክላ ሲዞር የስፒከሩ ትልቅ ሽፋን ያለ ድምፅ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይናጥ ይረዳል። የከፍተኛ ድግግሞሽ ማጣሪያው ግን ከጭረቱ ጋር ጸናጽሉንም ስለሚወስድ የምነካው እጅግ ላረጀ ሸክላ ብቻ ነው። ከባስና ከትሬብል ሌላ የመካከለኛ ድምፅ ማዞሪያ ያላቸው ሪሲቨሮች ለዚያ ዘመን የአማርኛ ዘፈኖች ይበልጥ ይመቻሉ፤ የሰው ድምፅና የነፋስ መሣሪያዎቹ የሚገናኙት በዚያ ክልል ውስጥ ስለሆነ ጥቂት ዝቅ ሲደረግ ጩኸቱ ይለዝባል።

ስለ ዕቃው ጤንነት ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ምክንያቱም 50 ዓመት ገደማ የሆነው ሪሲቨር ላይ ከስሙ ይልቅ የሚያስፈልገው ሁኔታው ነው። ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮች በዕድሜ ይደርቃሉ፣ የማዞሪያዎቹ ውስጥ ይቆሽሻል፣ የስፒከር መከላከያ ሪሌው (ስፒከሩን በራሱ የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ማብሪያ) መገናኛዎች ይሻግታሉ። ልገዛ ስሄድ የራሴን የጆሮ ማዳመጫና፣ ከተቻለም፣ ትንሽ ማጫወቻ ይዤ እሄዳለሁ፤ በስልክ በኩል በረዳት መግቢያው (AUX) ሙዚቃ ማሰማት ስለ ፎኖ ክፍሉ ምንም አይናገርምና። መራጩን ፎኖ ላይ አድርጌ፣ መግቢያውን ሁለት ጫፎቹን እርስ በርስ በሚያገናኝ መሰኪያ ዘግቼ፣ ቮልዩሙን ቀስ በቀስ ከፍ አድርጌ አዳምጣለሁ። ከግራና ከቀኝ እኩል የሆነ ለስላሳ ሹክሹክታ ብቻ ከሆነ ደህና ነው፤ በአንድ ወገን ብቻ የሚንጫጫ ወይም የሚፈነዳዳ ድምፅ ካለ ብዙውን ጊዜ ያረጀ ትራንዚስተር አለ ማለት ነው። አንድ መልኩ እጅግ ያማረ ባለ 85 ዋት ሪሲቨር የተውኩት በዚህ ፍተሻ ነው። ማዞሪያ ሲዞር የሚሰማው ኮሽ ኮሽታ ግን አያስፈራም፤ ለኤሌክትሪክ መገናኛ የተሠራ ማጽጃ ተረጭቶበት ደጋግሞ ሲዞር አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል።

በስፒከር መውጫዎቹ ላይ ሙዚቃ ሳይኖር የሚለካው ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ከ50 ሚሊቮልት በታች መሆን አለበት፤ ከፍ ካለ ስፒከር ማገናኘት አይገባም። ለረጅም ጊዜ ሳይበራ የኖረን ሪሲቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ሳበራ፣ ከ60 እስከ 100 ዋት የሆነ የድሮ ዓይነት አምፖል ከመብራት መስመሩ ጋር በተከታታይ አስገባለሁ። አምፖሉ ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ሪሲቨሩ ኤሌክትሪክ በልኩ እየወሰደ ነው፤ ቦግ እንዳለ ከቀረ ውስጡ አጭር ዙር አለና ወዲያውኑ አጠፋዋለሁ። ክዳኑን ከፍቶ ውስጥ መግባትን ግን ለባለሙያ መተው ይሻላል፤ ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ከተነቀለ በኋላም ኃይል ይዘው ይቆያሉ።

ዕቃውን ወደ አዲስ አበባ ለመውሰድ ለምታስቡ አንድ ጥንቃቄ አለ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት 120 ቮልት ብቻ ሲቀበሉ፣ በእስያ የነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች ከጦር ሰፈር ሱቆች የገዟቸው ብዙዎቹ ግን ከጀርባቸው የቮልት መምረጫ ስላላቸው ወደ 220 ይዞራሉ። ሌላው በቮልቴጅ ቀናሽ ትራንስፎርመር ሊሠራ ይችላል። ይሁንና ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ድግግሞሹን አይለውጥም፤ የአሜሪካው 60 ኸርዝ የኢትዮጵያው ደግሞ 50 ኸርዝ ነው። ሪሲቨሩን ይህ ብዙም አያውከውም፤ ሞተሩ ፍጥነቱን ከመብራቱ የሚወስድ ማጫወቻ ግን 45 ዙሩን ወደ 37.5 ያወርደዋል፣ ዘፈኑም ከሦስት ግማሽ ቶን በላይ ዝቅ ይላል። ለእንዲህ ያለው ማጫወቻ ለ50 ኸርዝ የተሠራ የሞተር መዘውር መግዛት ግድ ነው።

በመጨረሻ የወሰድኩት ማራንዝ 2230 ነው። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን በየቻናሉ 30 ዋት ይሰጣል፤ በዚህ ተከታታይ ውስጥ 2245 እና 2270 በሚሉት ላይ እንደሚታየው የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች ዋቱን ይናገራሉ። የሞኖ ቁልፍና ሦስቱም የድምፅ ማዞሪያዎች አሉት፣ የፎኖ ክፍሉም በሁለቱ ወገን እኩል ጸጥ ያለ ነው። ኤፍኤም ሬዲዮው ይሠራል፤ የፊቱን መብራት ግን ገና አላስቀየርኩም። ቀጥሎ የኃይል አቅራቢውን ካፓሲተሮች በባለሙያ አስለውጣለሁ። ከዚያም የማጫወቻውን ገመድ ካፓሲታንስ ለክቼ፣ አሁን ካለው አጠር ያለ ገመድ ስጠቀም በ«ሰ» ድምፆች ላይ የሚታየውን ለውጥ በዚያው ሸክላ አነጻጽሬ ውጤቱን በቁጥር አቀርባለሁ።