ካተሩን ያዶለዶመው

መርካቶ ውስጥ በምትገኝ አንዲት ጠባብ የቀበቶና የቦርሳ መሥሪያ በቆራጭነት በተቀጠርኩ በሦስተኛው ወር ገደማ፣ የሥራ ቦታዬ ንጹሕ እንዲሆን በማሰብ አሮጌውን የእንጨት ጠረጴዛ በላሜራ ለበጥኩት። የቤቱ ባለቤት ጋሼ በዚያ ሰሞን ለለቅሶ ወደ አገር ቤት ሄደው ስለነበር ያማከርኩት ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ሲመለሱ ያመሰግኑኛል ብዬ ጠብቄ ነበር።

ችግሩ የታየው አርባ የወንዶች ቀበቶ በታዘዘን ሳምንት ነው። ለቀበቶ የምንጠቀምበት የበሬ ቆዳ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ስለሚወፍር በቀላሉ እጅ አይሰጥም። በየጠዋቱ ካተሩ ላይ አዲስ ምላጭ እከታለሁ፤ ሁለት ሦስት ቀበቶ እንደቆረጥኩ ግን ስለቱ ይዶለዱማል፣ ቆዳውም መቆረጡ ቀርቶ እየተሳበ ይሸበሸባል። የምላጩን ጫፍ ሰብሬ ስቀጥል ለጥቂት ደቂቃ ይሻለኛል፤ ከዚያ ያው ነው። መጀመሪያ ምላጩን የሸጠልኝን ሰው፣ ቀጥሎ ቆዳውን ያለፋውን ፋብሪካ ረገምኩ። በመጨረሻ ያለኝን ጉልበት ሁሉ ካተሩ ላይ መጫን ጀመርኩ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ካተሩ ከብረት ማስመሪያው ላይ ሾልኮ የግራ አውራ ጣቴን ተረተረው፤ ደም የነካው ቆዳም ለቀበቶ ሳይሆን ቀረ።

ጋሼ በማግስቱ ሲመጡ በጨርቅ የተጠቀለለውን ጣቴን አይተው ምንም አላሉም። ካተሩን አንስተው ወደ በሩ ብርሃን አዞሩት። የሰላ ስለት በጠርዙ ላይ ብርሃን አያሳይም፤ የዶለዶመ ግን ቀጭን ነጭ መስመር ሆኖ ያብረቀርቃል። በእኔ ምላጭ ላይ ያብረቀረቀው ጫፉ ብቻ፣ ያውም የጤፍ ፍሬ የምታህል ቦታ ነበረች፤ ከእሷ በላይ ያለው ስለት እንደ አዲስ ነው። ይህን ካሳዩኝ በኋላ መዳፋቸውን በላሜራው ላይ አሳልፈው፣ ምላጩ ቆዳውን በስቶ የተወውን ጭረት በጣታቸው እየዳበሱ፣ «ልጄ፣ አንተ እኮ ብረት ስትቆርጥ ነው የሰነበትከው» አሉኝ።

ላሜራው በዚያው ቀን ተነቀለ። በምትኩ ጋሼ ሥጋ ቤት ውስጥ እንደምናየው ያለ፣ ከግንድ ተጎምዶ የተላገ ወፍራም እንጨት አስመጡ፤ የእንጨቱ ቃጫ ወደ ላይ የቆመ በመሆኑ ስለቱ ቃጫዎቹን ገለጥ አድርጎ ይገባል እንጂ ከጠንካራ ነገር ጋር አይጋጭም። ከተሰበረ የብረት መጋዝ በድንጋይ ስለው የሠሩትን የራሳቸውን ቢላዋም አዋሱኝ። አቆራረጡንም አሳዩኝ፦ ቢላዋው በመጀመሪያ ሲያልፍ መንገዱን ብቻ ጫር ማድረግ፣ በሁለተኛው ማጥለቅ፣ በሦስተኛው መጨረስ፤ ቀጥ ባለው መስመር ላይ ቢላዋውን ማስተኛት፣ በክቡ ላይ ማቆም፤ በየሦስት ቀበቶው ደግሞ ስለቱን እንጨት ላይ በተለጠፈ ቆዳ ላይ ወደ ኋላ እየጎተቱ ማሸት። ወደ ፊት የገፋሁ ዕለት ማሻውን ራሱን ቆረጥኩት፤ ጋሼም ሳቁብኝ።

የቀሩትን ቀበቶዎች በአንድ ቀን ተኩል ጨረስኩ፤ ክንዴንም አላመመኝም። ለስላሳው የበግ ሌጦ ግን እስከ ዛሬ ለዚህ ዘዴ አይገዛም፤ ከቢላዋው ሥር እየተለጠጠ ስለሚሸሽ ካርቶን ላይ አጣብቄ በመቀስ እቆርጠዋለሁ።

ላሜራውን አልጣልነውም። ጋሼ በቆርቆሮ መቀስ ቆራርጠው የቀበቶ ጫፍ መቅረጫ አደረጉት፤ አሁንም ከጠረጴዛዬ በላይ ምስማር ላይ ተሰቅሏል፣ የካተሬ ጭረትም ይታይበታል።