ብረቱ ለምን ይሞቃል?

ባለፈው የፍሪጃችን ስታቢላይዘር ተቃጠለና ሰፈር ውስጥ ሞተር የሚጠቀልሉ አንድ ጋሼ ጋ ይዤው ሄድኩ። ፈትተው ሲያሳዩኝ ኮይሉ ጠቁሯል፣ የተቃጠለ ቫርኒሽ ይሸታል፣ እሳቸው ግን ሽቦውን ትተው መሀል ያለውን ብረት ነው ያገላበጡት። ድፍን ብረት እንዳይመስላችሁ፣ ስስ ቆርቆሮ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርድሮ ነው። «ይሄ ምንም ሳትሰካበትም ይሞቃል፣ መብራት እስካለ ድረስ ይበላል» አሉኝ። እኔም ኤሌክትሪካል ተምሬያለሁ ባይ አይደለሁ፣ «ሂስቴሪሲስ ነዋ ጋሼ» አልኳቸው። «እሱን እንጃ፣ እኔ የማውቀው ብረቱን ነው» ብለው ወደ ሥራቸው።

ቤት ስገባ ትዝ ያለኝ ይሄን የብረት ሙቀት በቁጥር ያስቀመጠው ኢንጂነር ስታይንሜትዝ ነው። ቴስላና ኤዲሰን በየፌስቡኩ ሲጣሉ ስንት ዘመናችን፣ ይሄን ሰውዬ ግን የሚያነሳው የለም።

ቻርልስ ስታይንሜትዝ በ1865 ብሬስላው ነው የተወለደው፣ ያኔ የጀርመኖቹ ፕሩሺያ አሁን ፖላንድ ውስጥ ያለች ከተማ። እንደ አባቱና እንደ አያቱ ጀርባው ጎባጣ ነበር፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ20 ገደማ። ተማሪ እያለ ሶሻሊስት ሆኖ ፖሊስ ሲያሳድደው ወደ ስዊዘርላንድ ሸሸ፣ ከዛ በ1889 ኒውዮርክ ወደብ ሲደርስ ደሞ እንግሊዝኛ የለ ገንዘብ የለ፣ በዛ ላይ ሰውነቱን አይተው ሊመልሱት ምንም አልቀራቸውም፣ አብሮት የመጣው ጓደኛው ነው ተሟግቶ ያስገባው። እስቲ መልሰውት ቢሆን አስቡት!

ከ3 ዓመት በኋላ፣ በ1892፣ የሂስቴሪሲስን ነገር ይዞ ብቅ አለ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ የኛ መብራት በሰከንድ 50 ዙር ስለሚሄድ የዛ ብረት ማግኔት በሰከንድ 100 ጊዜ ይገለበጣል፣ ብረት ደሞ ግትር ነው፣ ወዲያው እሺ አይልም፣ ግትርነቱን ለማሸነፍ የሚወጣው ጉልበት ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ከሱ በፊት ኢንጂነሮቹ ሞተሩን ሠርተው ይሞክሩታል፣ ከጋለ እንደገና ይሠሩታል፣ በቃ ግምት። እሱ ለክቶ ለክቶ አንድ ቁጥር አወጣ፣ 1.6። ብክነቱ በማግኔቱ ጥንካሬ 1.6 ፓወር ያድጋል፣ ማለትም ማግኔቱን እጥፍ ብታደርጉት ብክነቱ 3 እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚ ገና ወረቀት ላይ እያለ ምን ያህል እንደሚሞቅ ታውቃለህ ማለት ነው።

በ1893 ደሞ ቺካጎ ላይ የኤሲን (እንደኛ መብራት አቅጣጫውን እየቀያየረ የሚሄደውን ከረንት) ስሌት በኮምፕሌክስ ነምበር፣ ማለትም የኔጌቲቭ 1 ስኩዌር ሩት የሆነው «ጄ» ባለበት ቁጥር፣ መሥራት እንደሚቻል አሳየ። ሰርኪት ኮርስ ላይ በ«ጄ» ፍዳችሁን ያያችሁ፣ ወቀሳው ለሱ ነው፣ ግን ያለሱ በየሰርኪቱ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ስትፈቱ ነበር የምትከርሙት!

እኔ ግን የምወድለት የመስታወቷን ነገር ነው። በ1920 ወንዝ ዳር ያለችውን ጎጆውን መብረቅ መታትና መስታወቱ ስብርብሩ ወጣ። ሌላው ሰው ጠርጎ ይጥለዋል አይደል፣ እሱ ስብርባሪውን ለቅሞ መልሶ ገጣጥሞ በሁለት መስታወት መሀል አስገባው፣ መብረቁ በየት በየት እንደሄደ ለማየት። በ1922 በሚሠራበት በጄኔራል ኤሌክትሪክ ላብራቶሪ ውስጥ ከ100 ሺህ ቮልት በላይ የሆነ መብረቅ ራሱ ፈጠረ፣ በዓመቱ ሞተ።

በማግስቱ ስታቢላይዘሩን ልወስድ ስሄድ ይሄን ለጋሼ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙና ጥግ ላይ የተከመረውን ጥቁር የከሰለ ኮይል በአገጫቸው እያሳዩ «እኔስ ለምን የማልጥለው ይመስልሃል፣ የት ጋ ጀምሮ እንደተቃጠለ ሳላይ?» አሉኝ። ሂሳቡን ግን አንድ ብር አልቀነሱልኝም።