አርክቴክቸር ትምህርት ቤቶችን በፈተና ማለፊያ ሳወዳድር የተሳሳትኩት

የእህቴ ልጅ አርክቴክቸር ልትማር ነው። ባለፈው ማርች እዚህ አሜሪካ ሦስት ትምህርት ቤቶች ተቀበሏት፣ ከሦስቱ አንዱ እኔ የተመረቅኩበት ነው። እህቴ ደወለችና «አንተ እዚያው ሙያ ውስጥ ነህ፣ የቱ እንደሚሻል ንገራት እንጂ» አለችኝ። ቀላል ነው አልኳት። ቀላል አልነበረም።

ያኔ ቀላል የመሰለኝ ቁጥር ስላለ ነው። አሜሪካ ውስጥ ዲግሪ ስለያዝክ አርክቴክት አትባልም። በየስቴቱ የሙያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ወደዚያ የሚወስደው የተለመደው መንገድ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ናብ በሚባለው፣ የአርክቴክቸር ትምህርትን በሚመዝነው ተቋም እውቅና የተሰጠው ዲግሪ፣ 3,740 ሰዓት የተመዘገበ የሥራ ልምድ፣ ከዚያ ኤ.አር.ኢ. የሚባለው ስድስት ክፍል ያለው ፈተና። ከኮሌጅ መግቢያ እስከ ላይሰንስ በአማካይ ወደ 13 ዓመት ይፈጃል። እኔ ስምንት ዓመት ቢሮ ሠርቼ ቢዝነስ ካርዴ ላይ አሁንም የተጻፈው «ዲዛይነር» ነው። እናቴ ይሄ እስካሁን አልገባትም፣ ለጎረቤት ሁሉ አርክቴክት ነው ትላለች፣ እኔም ማረም ትቻለሁ።

ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኤንካርብ የየትምህርት ቤቱ ምሩቃን በየክፍሉ ምን ያህል እንዳለፉ በየዓመቱ ያወጣል። ናብም ትምህርት ቤቶቹ ይህን ቁጥር ለሕዝብ እንዲያሳዩ ያስገድዳል። ስለዚህ መረጃው ክፍት ነው፣ ማንም ገብቶ ያያል። አንድ ማታ ቁጭ ብዬ ኤክሴል ከፈትኩና የሦስቱን ትምህርት ቤቶች የአምስት ዓመት ውጤት፣ ስድስቱንም ክፍል፣ አንድ በአንድ ገለበጥኩ። ፐርሰንቶቹን ደምሬ አካፈልኩ። አንደኛ የወጣው ከሦስቱ ትንሹ ነው። የእኔው ሦስተኛ ወጣ። ትንሽ ቅር አለኝ፣ ግን ቁጥር ቁጥር ነው ብዬ ለእህቴ ላክሁላት። እህቴ ደግሞ አንዴ ከያዘች አትለቅም። በማግስቱ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ልጅቷ የት እንደምትገባ ያውቅ ነበር።

ያዳነችን ልጅቷ ራሷ ነች። ቅዳሜ መጥታ ላፕቶፑን ወደ እሷ አዞረችና ዝም ብላ ትንሽ አየችው። ከዚያ «አጎቴ፣ ይሄ ስንት ሰው ነው?» አለችኝ።

ስንት ሰው እንደሆነ አላየሁም ነበር። ከፐርሰንቱ አጠገብ ብዛቱ ተጽፏል፣ እኔ ግን አልገለበጥኩትም። ስናየው የትንሹ ትምህርት ቤት ቁጥር በአንዳንድ ክፍል በጣት የሚቆጠር ነው። ለምሳሌ 20 ፈተና ተወስዶ 14 ቢታለፍ 70 በመቶ ነው። ሁለቱ ያን ቀን እንቅልፍ አጥተው ቢወድቁ ወዲያው 60 ይሆናል። በስታቲስቲክስ ሲሰላ ከ20 ፈተና የተገኘ 70 በመቶ ትክክለኛው ቦታው ከ48 እስከ 85 የትም ሊሆን ይችላል። ከ200 ፈተና የተገኘ 70 በመቶ ከሆነ ግን ከ63 እስከ 76 ይጠባል። እኔ ደግሞ በሁለት ፐርሰንት ልዩነት አንደኛና ሁለተኛ ስል ነበር።

ሌላም ጉድ አለ። ፐርሰንትን ደምሮ ማካፈል ራሱ ስህተት ነው። አንድ ዓመት 10 ፈተና ተወስዶ 9 ቢታለፍ 90 በመቶ፣ በሚቀጥለው 90 ተወስዶ 45 ቢታለፍ 50 በመቶ። እኔ ባሰላሁበት መንገድ አማካዩ 70 ነው። እውነቱ ግን ከ100 ፈተና 54 ነው የታለፈው። ይህን ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ያውቀዋል፣ እኔም አውቀዋለሁ፣ ግን ማታ አምስት ሰዓት ላይ ኤክሴል ፊት የተቀመጠ ሰው የሚያውቀውን ሁሉ አያስታውስም። የታለፉትንና የተወሰዱትን ለየብቻ ደምሬ ሳካፍል ደረጃው ተገለባበጠ። እህቴን መልሼ መደወል ነበረብኝ። ስለዚያ ስልክ ብዙ አላወራም።

ግን የቆጨኝ ይሄ አይደለም። ቁጥሩን እያስተካከልኩ ሳለ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፦ እኔም እዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ አለሁ።

ስድስት ጊዜ ተፈትኛለሁ። አራቱን ክፍል አልፌያለሁ። ፕሮጀክት ፕላኒንግ ኤንድ ዲዛይንን፣ ማለትም ፒፒዲን፣ ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። 100 ጥያቄ ነው፣ አራት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ። መጀመሪያ የወደቅኩት ልጃችን በተወለደ በሁለተኛው ወር ነው። የሚጫጭሩበት ወረቀት አይሰጥም፣ ስክሪኑ ላይ ያለ ሰሌዳ ላይ በማውዝ ነው የምትስለው። አንድ የሰሜን አቅጣጫ ቀስት ለመሳል ስታገል እጄ ሲንቀጠቀጥ አስታውሳለሁ። ሁለተኛው ጊዜ እንቅልፍ ነበረኝ፣ ግን የቢሮ ዴድላይን ነበረብኝና ያጠናሁት ባቡር ላይ ብቻ ነው። ለእነዚህ ሁለት ውድቀቶች ትምህርት ቤቴ ምን አደረገ? ምንም። ከተመረቅኩ እኮ ስድስት ዓመት አልፎኝ ነበር። ሠንጠረዡ ላይ ግን በእሱ ስም ነው የተመዘገቡት። የራሴን ትምህርት ቤት ሦስተኛ አውጥቼ ቅር ሲለኝ ከጎተቱት አንዱ እኔው ራሴ ነበርኩ።

ከዚያ የባሰ አስቂኝ ነገር አለ። የሚቆጠረው ሰው ሳይሆን ፈተና ነው። አራት አልፌ ሁለት ስለወደቅኩ፣ ብቻዬን ትምህርት ቤት ብሆን ማለፊያዬ 67 በመቶ ይሆናል ማለት ነው። አገር አቀፉ የማለፊያ መጠን በአብዛኛው ክፍል ከግማሽ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የሚዋልለው። ስለዚህ እኔ ጎበዝ ትምህርት ቤት ነኝ። ግን ላይሰንስ የለኝም! የእህቴ ልጅ ማወቅ የምትፈልገው «እዚህ ከተማርኩ አርክቴክት እሆናለሁ ወይ» የሚለውን ነው፣ ይህ ቁጥር ደግሞ እሱን አይመልስም።

ጭራሽ የማይታዩም አሉ። ከእኔ ጋር ከተመረቁት ግማሽ ያህሉ ፈተናውን ነክተውት አያውቁም። አንዱ የፊልም መቅረጫ መድረክ ይሠራል፣ አንዷ የቤት ዕቃ ዲዛይን ታደርጋለች፣ ሁለቱ ቢሮ ውስጥ ናቸው ግን «ምን ያደርግልኛል» ብለው ትተውታል። እነሱ አልወደቁም፣ አላለፉምም፣ ሠንጠረዡ አያውቃቸውም። ከመቶ ምሩቅ ጎበዝ አሥራ አምስቱ ብቻ የሚፈተኑበት ትምህርት ቤት፣ ሰማንያው ከሚፈተኑበት ይልቅ ሊያምር ይችላል። የቱ ይሻላል ብትሉኝ እኔ ሰማንያው የሚፈተኑበትን ነው የምመርጠው፣ ፐርሰንቱ ዝቅ ቢልም።

ገንዘቡም አለ። እኔ ስፈተን አንዱ ክፍል 235 ዶላር ነበር፣ ስድስቱ አንዴ አንዴ ቢታለፉ 1,410። መጽሐፉና ኦንላይን ኮርሱ ሳይቆጠር። ከወደቅክ እንደገና ትከፍላለህ፣ ለዚያውም 60 ቀን ጠብቀህ ነው። አንዳንድ ቢሮ የፈተናውን ዋጋ ይከፍላል፣ የጥናት ሰዓት ይሰጣል፣ ያለፈውን ሰው ደመወዝ ይጨምርለታል። የእኔ ቢሮ ካለፍክ ይመልስልሃል፣ ከወደቅክ ራስህ ተወጣው ነው። ምሩቃኑ ትልልቅ ቢሮዎች ባሉበት ከተማ የሚቀጠሩበት ትምህርት ቤት ቁጥሩ ከፍ ቢል፣ የትኛው ፐርሰንት የመምህሩ፣ የትኛው የአለቃው እንደሆነ በምን ይለያል?

እዚህ ላይ ሁሉንም ልተወው ነበር። ግን ልጅቷ «ታዲያ ምንም አይጠቅምም ማለት ነው?» ስትለኝ ያን ያህልም አይደለም አልኳት። ስድስቱን ክፍል ለያይቼ ማየት ጀመርኩ። ፕራክቲስ ማኔጅመንት፣ ፕሮጀክት ማኔጅመንት፣ ኮንስትራክሽን ኤንድ ኢቫሉዌሽን የሚባሉት በአብዛኛው ስለ ቢሮ ሥራ ናቸው። ውል፣ ኃላፊነት፣ ክፍያ፣ ኮንትራክተሩ ሳይት ላይ ስህተት ሲሠራ ማን ለማን ይጽፋል የሚል ነገር። ይህን እኔ የተማርኩት ቢሮ ነው። ኤ201 የሚባለውን የኮንትራት ሰነድ ትምህርት ቤት አንድ ቀን አይተነው ይሆናል፣ የገባኝ ግን ሳይት ላይ ከኮንትራክተር ጋር ስጨቃጨቅ ነው። ሌሎቹ ሦስቱ፣ ፕሮግራሚንግ ኤንድ አናሊሲስ፣ ፒፒዲና ፒዲዲ (ፕሮጀክት ዴቨሎፕመንት ኤንድ ዶክዩመንቴሽን)፣ ስለ ቦታ ጥናት፣ ስለ ስትራክቸር፣ ስለ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ፣ ስለ ሕንፃ ኮድ፣ ስለ ዲቴል ነው። የትምህርት ቤት አሻራ ካለ ይበልጥ የሚታየው እዚህ ነው። ስለዚህ ሦስቱን ብቻ ይዤ፣ አምስቱን ዓመት በብዛቱ ደምሬ፣ ከየዓመቱ አገር አቀፍ መጠን ጋር አስተያየሁት። ልዩነቱ ጠበበ። ሁለቱ ትልልቆቹ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል፣ ስለ ትንሹ ደግሞ ምንም ለማለት ብዛቱ አይበቃም።

ዓመት ከዓመት ስታወዳድሩም ቀስ በሉ። እስከ እ.ኤ.አ. 2023 ድረስ አምስት ዓመት ያለፈው የፈተና ክፍል ይሰረዝ ነበር። በዚያ ዓመት ሜይ ላይ ያ ሕግ ቀረና ነጥባቸው የተመለሰላቸው ሰዎች አሉ። ተስፋ ቆርጦ የተወ ሰው ተመልሶ ሲፈተን የተፈታኙ ዓይነት ይቀየራል። የቁጥሩ መውጣትና መውረድ ሁሉ ከትምህርት ቤቱ የመጣ እንዳይመስላችሁ።

በመጨረሻ ያደረግነው መደወል ነው። መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝ እሱን ነበር፣ ግን ኤክሴል ስልክ ከመደወል ይቀለኛል። ልጅቷ ራሷ ደወለች፣ እኔ አጠገቧ ሆኜ ጥያቄ በወረቀት እየጻፍኩ አቀብላታለሁ። ተማሪ ሆኜ የሥራ ሰዓቴን መመዝገብ መቼ እጀምራለሁ? በትምህርቱ ውስጥ የቢሮ ሥራ አለ ወይ? ከምሩቃኑ ስንቱ ፈተና ይጀምራል? አይፓል የሚባለው ሳይመረቁ መፈተን የሚያስችል ፕሮግራም አላችሁ? አንዱ ትምህርት ቤት ፐርሰንቱን ብቻ ደጋግሞ ነገራት፣ ስንት ሰው ነው ስትለው «በኢሜይል እንልክልሻለን» አለ። እስካሁን አልላከም። ሁለተኛው የኮ-ኦፕ፣ ማለትም ተማሪ እየተማረ ቢሮ የሚሠራበትን ፕሮግራም፣ ኃላፊዋን አገናኛት፣ ሴትየዋ አርባ ደቂቃ አወራቻት፣ ቁጥር አንድ ጊዜም አላነሳችም። የእኔው ትምህርት ቤት ደግሞ ስልኩን ያነሳው ተማሪ ነበር፣ ስለ ፈተናው ምንም አያውቅም፣ ግን ስቱዲዮው ሌሊት ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ በዝርዝር ነገራት።

የመረጠችው ሁለተኛውን ነው። እህቴ አሁንም «ለምን አንደኛውን አይደለም» ትላለች፣ ያ የመጀመሪያው ሠንጠረዥ ከስልኳ አልጠፋም። እኔ ፒፒዲን ለኦክቶበር ተመዝግቤያለሁ። ቁጥሩ ሲወጣ ያቺ ፈተና በትምህርት ቤቴ ስም ትገባለች፣ ከፍ ታድርገው ዝቅ ግን ገና አልታወቀም።